አንድ ጊዜ የተሸነፈው ሰው፦ ስለ ዳን ጌብል የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ ኦሎምፒክ ስጽፍ የዳን ጌብልን ስም በአንድ መስመር ጠቅሼ አለፍኩ። «የትግል ሻምፒዮን የነበረ፣ በኋላ አሰልጣኝ የሆነ አሜሪካዊ» አልኩና ወደ ሩጫው ሄድኩ። እናንተ ግን ሩጫውን ትታችሁ ስለ እሱ ጠየቃችሁኝ። ደስ አለኝ። በተማሪነቴ አዮዋ ሲቲ ነው የኖርኩት። ማታ ማታ ለኪስ ገንዘብ የትግል ምንጣፍ እወለውል ነበር። በዚያ ከተማ የጌብል ስም ሳይነሳ የሚመሽ ቀን አልነበረም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ለቅቄያለሁ።

ሁለት ማሳሰቢያ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ «ታጋይ» ስላችሁ ጫካ የገባው እንዳይመስላችሁ፤ ምንጣፍ ላይ የሚተናነቀውን ማለቴ ነው። ቋንቋችን እዚህ ላይ ትንሽ አስቸግሮኛል።

ጋሼ፣ ሰውዬው በሕይወቱ አንዴ ብቻ ነው የተሸነፈው ይባላል። እውነት ነው? ማንስ ነው ያሸነፈው? (የ19 ዓመት አንባቢ)

«አንዴ ብቻ» የሚባለው የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ዘመኑ ተደምሮ ነው፣ ልጄ። ጌብል በ1948 ዋተርሉ በምትባል የአዮዋ ከተማ ተወለደ። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ 64 ጊዜ ታግሎ 64ቱንም አሸነፈ። ከዚያ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ 117 አሸንፎ በአንዱ ተረታ። ስትደምረው 181 ድልና 1 ሽንፈት ነው። በነጻ ትግል፣ ማለትም ኦሎምፒክ ላይ በሚታገሉት ዓይነት፣ ከትልልቆቹ ጋር ሲጋጠም ሌላም ቦታ ተሸንፏል። ሰው የሚያወራው ግን ያቺን አንዷን ነው።

ማርች 28 ቀን 1970፣ ኢቫንስተን፣ ኢሊኖይ። የኮሌጆች ሻምፒዮና ፍጻሜ፣ የ142 ፓውንድ ምድብ፣ በኪሎ 64 ገደማ። ጌብል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ያቺን ካሸነፈ አንድም ጊዜ ሳይረታ ሊመረቅ ነው። ከፊቱ የቆመው ላሪ ኦዊንግስ ይባላል፤ ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ገና የሁለተኛ ዓመት ልጅ። ይህ ልጅ በዕጣ አልደረሰውም። ከከፍተኛ ምድብ ክብደቱን ቀንሶ የወረደው ጌብልን ለመግጠም ብሎ ነው። አልደበቀውምም። ላሸንፈው ነው የመጣሁት ብሎ ለጋዜጠኞች ተናግሯል።

ጌብልን ደግሞ ቴሌቪዥኖች ይዘውታል። ከፍጻሜው በፊት ካሜራ ፊት አቁመው 182 ለ0 ሊጨርስ መሆኑን የሚያበስር ማስታወቂያ ያስቀርጹታል። እኔ በዕድል ብዙም አላምንም። ግን ያልታረደ በሬ ሥጋ ተመድቦ ሳይ አንዳች ነገር ቅር ይለኛል።

ጨዋታው ሲጀመር ኦዊንግስ ቀድሞ ነጥብ ያዘ። ጌብል እንደ ልማዱ እየገፋ መጥቶ መራ። ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ ኦዊንግስ ጥሎት ጀርባውን ወደ ምንጣፉ አዞረው። 13 ለ11። አዮዋ ስቴት በቡድን ዋንጫውን ወሰደ፤ የዘመኑ ትልቁ ታጋይ ግን አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እኔን ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ኦዊንግስ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታትም ፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ስሙ በተነሳ ቁጥር የሚከተለው ያች ምሽት ናት። በ1972 የኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ እንደገና ተገናኝተው ጌብል አሸነፈው። ይህን ግን ማንም አይጠይቅም። አንተም አልጠየቅከኝም።

ሙኒክ ላይ አንድ ነጥብ እንኳ ሳይቆጠርበት ወርቅ ወሰደ ሲባል ሰማሁ። እንዴት ይሆናል? ደረጃው ዝቅ ያለ ውድድር ነበር? (ከአንድ የስፖርት ወዳጅ)

ደረጃውማ ዝቅ አላለም ወንድሜ። ሶቪየቶች ነበሩ። ጃፓኖች ነበሩ። ያኔ በነጻ ትግል እነዚህን ሁለቱን አልፎ መሄድ ዳገት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ከኦዊንግስ በኋላ ጌብል የተጫወተው እንደ ባለዕዳ ነው። በ1971 ሶፊያ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በኦሎምፒኩ ዓመት ደግሞ ትብሊሲ ሄዶ እነዚያኑ ሶቪየቶች በገዛ ሜዳቸው አሸነፋቸው። ትብሊሲ ማለት ያኔ ከዓለም ሻምፒዮና የሚከብድበት ጊዜ የነበረ ውድድር ነው። ሶቪየቶቹ ተናደዱ። ይህን ሰው የሚያሸንፍ አንድ ሰው ካገራችን እንፈልጋለን አሉ ይባላል። አገራቸው ደግሞ ትንሽ አይደለችም።

ሙኒክ ሲደርስ ጉልበቱ ተጎድቶ ነበር። በመጀመሪያው ግጥሚያ ደግሞ ቅንድቡ አካባቢ ተሰነጠቀና ተሰፋ። ደሙ ካልቆመ ሐኪሞቹ ሊያስቆሙት ይችሉ ነበር። በፋሻ እየጠቀለለ ቀጠለ። በ68 ኪሎ ምድብ ስድስት ሰው ገጠመ። በስድስቱ ግጥሚያ አንድ ነጥብ አልተቆጠረበትም። የመጨረሻው ተጋጣሚ የሶቪየቱ ሩስላን አሹራሊየቭ ነበር። ብሩ ለጃፓኑ ኪኩዎ ዋዳ ሄደ፤ አሹራሊየቭ ነሐስ ወሰደ።

እንዴት ይሆናል ላልከው፣ እኔ የገባኝን ልበል። ነጥብ የሚቆጠርብህ ሌላው ሲያጠቃህ ነው። ጌብል ደግሞ ሌላው እንዲያጠቃ ጊዜ አይሰጥም። ከፉጨቱ ጀምሮ እጁ አንገትህ ላይ ነው፣ ግንባሩ ግንባርህ ላይ ነው፣ እየገፋህ ነው። አንተ መተንፈሻ ስትፈልግ እሱ እግርህን ይፈልጋል። ከእሱ ጋር የሚታገል ሰው ጠቅላላ ሥራው መከላከል ይሆናል።

የነጻ ትግሉ ውድድር ያለቀው በኦገስት መጨረሻ ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን በዚያው ኦሎምፒክ በእስራኤል ቡድን ላይ ጥቃት ደረሰ። ከተገደሉት መካከል ታጋዮችና የትግል አሰልጣኛቸው ነበሩ። ጌብል የሙኒክ ወርቁን ያገኘው ይህ ከመሆኑ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው።

ወንድሜ፣ እኔ ስፖርት አላውቅም። ልጄ ግን ስለዚህ ሰው ሲያወራ እህቱ ተገድላለች አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ልጅ እንዴት ለዚህ በቃ? (እናት)

እህቴ፣ ልጅዎ የነገረዎት እውነት ነው። በአጭሩ እነግርዎታለሁ፤ የሚያስረዝሙት ነገር አይደለም።

ሜይ 31 ቀን 1964 ነው። ጌብል የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ከእናትና አባቱ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ሄደዋል። የ19 ዓመቷ ታላቅ እህቱ ዳያን ቤት ቀርታለች። በማግስቱ ልትከተላቸው ነበር። አልመጣችም። ቤታቸው ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ገዳዩ የሠፈራቸው ወጣት ነበር። ጌብል ያንን ልጅ ያውቀዋል። ስለ እህቱ ያልተገባ ነገር ሲናገር ሰምቶት ነበር፤ ለአባቱ የነገረው ግን እህቱ ከተገደለች በኋላ ነው። ያንን ነገር ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዓመት አብሮት ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ወላጆቹ ያንን ቤት ሊለቁ ፈለጉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ልጁ ግን አይሆንም አለ። ልብሱን ሰብስቦ ወደ እህቱ መኝታ ክፍል ገባ። እዚያ ተኛ። ቤተሰቡም ቤቱን ሳይለቅ ቀረ።

ብዙ ጸሐፊ ይህን ታሪክ ከወርቁ ጋር በአንድ ክር ይሰፋዋል። እህቱ ስለሞተች ጎበዝ ሆነ እንደማለት። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። ከዚያ በፊትም ጎበዝ ነበር፤ ትግሉንም ቀድሞ ጀምሮታል። ሐዘን ሰውን ሻምፒዮን የሚያደርግ ቢሆን ስንቱ ሻምፒዮን በሆነ። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው፤ እናትና አባቱ እርስ በርስ መተያየት ባቃታቸው ቤት ውስጥ ሁለቱም ቁጭ ብለው የሚያዩት አንድ ነገር ነበራቸው። የልጃቸውን ግጥሚያ። ልጁም ይህን ያወቀ ይመስለኛል።

መምህር ነኝ፣ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ጎበዝ ተጫዋች ጎበዝ አሰልጣኝ አይወጣውም የሚል እምነት አለኝ። ጌብል እንዴት ከዚህ አመለጠ?

መምህር፣ እምነትዎ መሠረት አለው። ተሰጥኦ ያለው ሰው ሲያሰለጥን «እንዲህ አድርገው!» ይላል፤ ልጁ «እንዴት?» ሲለው ይናደዳል። ለእሱ ሳያስበው የመጣ ነገር ነዋ።

ጌብል ላይ ግን ሳያስበው የመጣ ብዙ ነገር የለም። ፎቶውን ቢያዩ መነጽር ያደረገ፣ ቀላ ያለ ጸጉር ያለው፣ ጡንቻው የማያስፈራ ሰው ነው። እያንዳንዷን ነገር እየደጋገመ፣ እየለቀመ ነው የያዛት። የለቀመ ሰው የት እንዳገኘው ያውቃል። ለሌላውም ማሳየት ይችላል።

በ1972፣ ከሙኒክ እንደተመለሰ፣ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ረዳት አሰልጣኝ ሆነ። ልብ ይበሉ፣ የተማረው አዮዋ ስቴት ነው፣ ኤምስ ከተማ። የሄደው ወደ ተቀናቃኙ፣ ወደ አዮዋ ሲቲ ነው። ከቡና ወደ ጊዮርጊስ እንደመሻገር ይቁጠሩት። በ1976 ዋና አሰልጣኝ ሆነ። የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ዋንጫውን ማን ወሰደው? አዮዋ ስቴት! ያሰለጠነው የድሮ አሰልጣኙ ሃሮልድ ኒኮልስ አሸነፈው።

ከዚያ ከ1978 እስከ 1986 ዘጠኝ ዓመት በተከታታይ ዋንጫው አዮዋ ሲቲ ከረመ። በ21 ዓመት 15 ብሔራዊ ዋንጫ። የቢግ ቴንን፣ ማለትም የአካባቢያቸውን ሊግ ደግሞ 21ዱንም ዓመት። ቡድን ለቡድን ሲገጥሙ 355 አሸንፎ፣ 21 ተሸንፎ፣ 5 አቻ ወጣ።

አሁን ወደ ምንጣፉ ልውሰድዎት። እኔ የምገባው ልምምድ ካለቀ በኋላ ነው። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ይመታኛል። ውጭ በረዶ ነው፣ ውስጥ ግድግዳው ያልበዋል። የመጀመሪያ ቀን የተነገረኝ ነገር አንድ ነው፤ በየቀኑ በጀርም ማጥፊያ፣ ጥግ ጥጉን ሳይቀር። አንድ ቀን ከተዘለለ ጭርት ከአንዱ ቆዳ ወደ ሌላው ይዞርና ቡድኑ ግማሹ ከጨዋታ ውጭ ይሆናል። ጽዳትም የትግል አካል ነው ለካ።

የአዮዋ አጨዋወት ምን እንደሆነ ለመረዳት የነጥቡን አሠራር ማወቅ አለብዎት። በአሜሪካ ኮሌጆች ትግል ያኔ ተጋጣሚን ጥሎ መቆጣጠር 2 ነጥብ ነው። ከሥር ያለው ሲያመልጥ 1 ያገኛል። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሰው ጥሎ፣ ለቆ፣ እንደገና ጥሎ ልዩነቱን ማስፋት ይችላል። ሁለተኛው ነገር ዋንጫው የቡድን መሆኑ ነው። በሰፊ ልዩነት ያሸነፈ ወይም ጀርባ ያስነካ ታጋይ ለቡድኑ ተጨማሪ ነጥብ ያመጣል። ብዙው አሰልጣኝ 5 ለ2 የሚመራ ልጁን «ጠብቅ» ይለዋል። የጌብል ልጆች 5 ለ2 እየመሩም እንደተሸነፈ ሰው ይገፋሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ የሌላው ልጅ አፉ ተከፍቶ ጊዜ ለመግደል ወደ መስመሩ ያፈገፍጋል፤ የአዮዋው ልጅ መሀል ሜዳ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን ከላይኛው ወንበር ሆኜ አይቻለሁ። በጃንዋሪ 1983 ካርቨር ሆክአይ የሚባለው አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት የመጀመሪያው ዝግጅት ትግል ነበር፣ ከኦክላሆማ ጋር። ቅርጫት ኳስ አይደለም፤ ትግል! አዳራሹ ኮረብታ ተቦርቡሮ የተሠራ ስለሆነ በላይ ገብተው ወደ ታች ነው የሚወርዱት። እኔ አልወረድኩም፤ ትኬቴ ለዚያ አልበቃም።

ደግሞ ልጆቹ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ራንዲ ሉዊስ አደጋ ውስጥ ገብቶ መገልበጥ የሚወድ ሰው ነው። በኋላ የመጡት መንትዮቹ ቶምና ቴሪ ብራንድስ ደግሞ እንደ ወፍጮ የሚፈጩ ናቸው። ሉዊስን ብራንድስ ላድርግህ ቢለው ሁለቱንም ያጣቸው ነበር።

በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የአሜሪካን የነጻ ትግል ቡድን ያሰለጠነው እሱ ነው። 7 ወርቅና 2 ብር። ሉዊስና መንትዮቹ ኤድና ሉ ባናክ፣ የራሱ የአዮዋ ልጆች፣ ወርቅ ወሰዱ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሶቪየቶችና ቡልጋሪያዎች አልመጡም ነበር። ግን ከአራት ዓመት በፊት ለሞስኮው ኦሎምፒክ ቡድኑን እንዲያሰለጥን ተሹሞ አሜሪካ አልሄድም ብላ ቀርታ ነበር። ሉዊስ ያኔም ተመርጦ ነበር፤ ተዘጋጅቶ ቤቱ ተቀመጠ። ፖለቲካው በሁለቱም በኩል አጉድሎባቸዋል።

እኔ ከዘጠኙ ዋንጫ ይልቅ የምወደው ከ1987 እስከ 1990 ያለውን ነው። አሥረኛውን ሊወስድ ሲል አሁንም አዮዋ ስቴት ቀማው። እስኪ አስቡት፣ የኢቫንስተኗ ምሽት እንደገና የመጣች ነው የሚመስለው! ከዚያ አሪዞና ስቴት፣ ከዚያ ኦክላሆማ ስቴት ሁለት ጊዜ። አራት ዓመት ባዶ እጅ። ብዙ ባለዝና አሰልጣኝ እዚያ ላይ «ጊዜው ተቀየረ፣ የዛሬ ልጆች አይረቡም» ብሎ ወደ ቢሮ ይገባል። እሱ ምንጣፉ ላይ ቆየ። በ1991 ተመለሰ፣ ሦስት ዓመት ተከታታይ ወሰደ፤ አንድ ዓመት አረፈና ሌላ ሦስት ጨመረ። የመጨረሻው በ1997 ሲዳር ፎልስ ላይ ነው፣ ከተወለደባት ከዋተርሉ አጠገብ። ዳሌው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በክራንች ነበር የሚሄደው። ቡድኑ 170 ነጥብ ሰበሰበ። ያንን ቁጥር ያለፈው በ2024 ፔን ስቴት ነው፣ በ172.5።

ጋሼ፣ ጌብል ወይስ ኬል ሳንደርሰን? (ከጓደኛው ጋር የተወራረደ አንባቢ)

ውርርዱ ስንት ነው? ለእኔስ ይደርሰኛል?

ሳንደርሰንም የአዮዋ ስቴት ልጅ ነው። በኮሌጅ 159 ጊዜ ታግሎ አንዴም አልተሸነፈም። በ2004 አቴንስ ላይ ወርቅ ወሰደ። ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ። ፔን ስቴት ከ2011 እስከ 2025 ድረስ 12 ብሔራዊ ዋንጫ በእሱ እጅ ወስዷል። ሥራውን ገና አልጨረሰም፤ ስለዚህ በቁጥር ጓደኛህ ሊረታህ ይችላል።

ለእኔ ግን ጌብል ነው። ምክንያቴም ፍትሐዊ አይደለም፤ ምንጣፉን የወለወልኩለት እሱ ነው።

ጋሼ፣ 17 ዓመቴ ነው፣ እታገላለሁ። ለውድድር በአንድ ሳምንት 6 ኪሎ መቀነስ አለብኝ። ጌብል ሳውና ይወድ ነበር አሉ። ስንት ሰዓት ልቀመጥ?

አትቀመጥ።

ልቆጣህ ብዬ አይደለም፣ ልጄ። ጌብል ሳውና ይወዳል፣ እውነት ነው። በእነሱ ዘመን ላስቲክ ልብስ ለብሶ መሮጥ፣ ምራቅ መትፋት፣ ውኃ መተው የተለመደ ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ግን ስማ። በ1997 ማብቂያ ላይ፣ ጌብል ሥራ ባቆመበት በዚያው ዓመት፣ በአንድ ወር ገደማ ጊዜ ውስጥ ሦስት የአሜሪካ ኮሌጅ ታጋዮች ሞቱ። በሦስት የተለያዩ ትምህርት ቤቶች። ሦስቱም ክብደት ለመቀነስ በላብ ላይ ነበሩ።

በላብ የሚወጣው ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው። ውኃው ሲያልቅ ደምህ ይወፍራል። ልብህ ያንን ወፍራም ደም ለመግፋት በፍጥነት ይመታል። ላብ ሲቋረጥ ሰውነትህ የሚበርድበት መንገድ ይዘጋል፤ ሙቀትህ ወደ ላይ ይወጣል። ኩላሊት ይጎዳል፤ ልብ ምቱን ይስታል። እንኳን ሳትሞት ቀርተህ ሚዛኑን ብታልፍ፣ የጎደለው ውኃ በሁለት ሰዓት ውስጥ አይተካም። ደረቅ ሆነህ ነው የምትታገለው። የኦዊንግስን ታሪክ አንብበህ ወርዶ አሸነፈ እንዳትለኝ፤ እሱ የወረደው በአንድ ሳምንት አይደለም።

ከሦስቱ ሞት በኋላ የአሜሪካ ኮሌጆች ደንቡን ቀየሩ። ሳውናና ላስቲክ ልብስ ተከለከለ። ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተከለከለ። ሚዛኑ ከግጥሚያው ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ደርቆ መጥቶ ሌሊቱን ጠጥቶ መመለስ እንዳይቻል። ዓመቱ ሲጀመር የእያንዳንዱ ልጅ የስብ መጠን ይለካል፤ ከ5 በመቶ በታች የሚያወርደው ምድብ ውስጥ አይገባም። በሳምንትም ከክብደቱ 1.5 በመቶ በላይ እንዲቀንስ አይፈቀድለትም።

አንተ 70 ኪሎ ነህ እንበል። 1.5 በመቶ ማለት አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያልከኝ 6 ነው። ስለዚህ አንድ ምድብ ከፍ ብለህ ታገል። አሰልጣኝህ ይህን ካልተቀበለ ይህን ገጽ አሳየው። እሱንም ካልተቀበለ አሰልጣኝ ቀይር።

የታጋዮች ጆሮ ለምን ያብጣል? (ከአንዲት አንባቢ)

ጥሩ አየሽ። ጆሮ ሲጋጭና ሲታሽ በቆዳውና በውስጡ ባለው ለስላሳ አጥንት መካከል ደም ይቋጥራል። ደሙ ቶሎ በሐኪም ካልወጣና ካልታሰረ ለስላሳው አጥንት ምግቡ ይቋረጥበትና ተጨማድዶ ይደርቃል። ያኔ አበባ ጎመን ይመስላል፤ ፈረንጆቹም በዚሁ ስም ይጠሩታል። የጆሮ መከላከያ አለ፤ በአሜሪካ ኮሌጆች መልበስ ግዴታ ሆኖ ቆይቷል። ልምምድ ላይ ግን ብዙዎቹ ያወልቁታል። አዮዋ ሲቲ ውስጥ የተጨማደደ ጆሮ ያለው ሰው ቡና ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለት ነበር። እንደ ሜዳሊያ ነው።

አሁን የት ነው? ዝም አለሳ?

የታል ዝም! በፌብሩዋሪ 2013 ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ቦርድ ትግልን ከ2020 ጀምሮ ከጨዋታው ለማውጣት ሲወስን፣ ስፖርቱን ለማትረፍ ከተንቀሳቀሱት አንዱ እሱ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ቦነስ አይረስ በተደረገው ድምፅ ትግል ተመለሰ። በ2020 የአሜሪካን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት፣ የፕሬዚዳንቱን የነጻነት ሜዳሊያ ተሸለመ። ዋተርሉ በስሙ የተጠራ የትግል ሙዚየም አለ፤ ካርቨር በር ላይ ደግሞ ሐውልቱ ቆሟል። የሙኒኩ ቅንድብ ሐውልቱ ላይ ይታይ እንደሆነ ቀርቤ አላየሁም። እኔ ከተማዋን የለቀቅኩት ከዚያ በፊት ነው።

ጋሼ፣ እርስዎስ ታግለው ያውቃሉ? እውነቱን!

እውነቱን ካላችሁ እሺ።

በልጅነቴ ከብት ጥበቃ ላይ ትግል አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ከእኩዮቼ ጥዬ የማላውቀው የለም ማለት ይቻላል። አዮዋ ሲቲ አንድ ማታ ስወለውል አንድ ልጅ ልምምዱን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይፈታል። ከእኔ ያነሰ፣ ቀጭን። ካገሬ ትግል እንዳለ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። «ና አሳየኝ» አለኝ። መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።

ወገቡን ልይዝ እጄን ስዘረጋ አስታውሳለሁ። ከዚያ ጣሪያውን አስታውሳለሁ። ተነሣሁና «አልተዘጋጀሁም ነበር» አልኩት። «እሺ፣ ተዘጋጅ» አለኝ በትሕትና። ተዘጋጀሁ። ጣሪያው ላይ ሦስተኛው አምፖል ተቃጥሎ እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ልጁ እጄን ይዞ አነሣኝ። እኔ ባላብም እሱ ገና ከልምምዱ ላቡ አልደረቀም፤ የወለወልኩት ምንጣፍ እንደገና ረጥቦ ነበር። መወልወያውን አነሣሁና ከጥግ ጀመርኩ።